የብር ራስ፣ የመዳብ እግር፤ የኤሌክትሪክ መነካኪያ ስያሜ በአማርኛ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ቃል በቃል ትንሽ ነው። በግድግዳችን ማብሪያ ማጥፊያ፣ በማቀዝቀዣው ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ በፋብሪካው የሞተር ማስነሻ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር፣ ራሱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ የብረታ ብረት ቁራጭ ነው። ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ሲፈለግ ከመሰሉ ጋር ይገጥማል፤ እንዲቋረጥ ሲፈለግ ይላቀቃል። በየቤታችን በብዛት አለ፤ ሁላችንም የምንስማማበት የአማርኛ ስም ግን የለውም። ይህ ስም ማጣት ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስከፍለን ማሳየት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ነገሬን ከዚሁ ከደቡብ አዲስ አበባ ልጀምር። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም ራሱ የቴክኖሎጂ ስያሜ ነው። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በምንጩ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረር–አዲስ አበባ መስመር ሲዘረጋ ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ሽቦውን ነበር፤ መሣሪያውም፣ ንግግሩም በሽቦው ስም ተጠሩ። ከ1928ቱ የፋሽስት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በከተማዋ ደቡብ በኩል ሽቦ የማያስፈልገው የቴሌግራፍ ጣቢያ ሲተከል ደግሞ ሕዝቡ አልተቸገረም፤ ሽቦው ነፋስ ነው ብሎ «ንፋስ ስልክ» አለው። የውጭውን ቃል አልተዋሰም፤ «ሽቦ አልባ» እያለ በጉድለቱም አልጠራውም። ያየውንና የገባውን በራሱ ቋንቋ ሰየመ። ጣቢያው ታሪክ ሆነ፤ ስሙ ግን ሠፈር ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ «አማርኛ ለቴክኖሎጂ አይመችም» የሚለውን አባባል ከደጃፋችን ያለው ስም ያፈርሰዋል። ጥያቄው መሆን ያለበት ሌላ ነው፤ አማርኛ የትኛውን ነገር ሰየመ? የትኛውን ተዋሰ? የትኛውንስ ሳይሰይም ተወ?

የኤሌክትሪክ ቃሎቻችንን ብንዘረዝር ሦስት ወገን ሆነው እናገኛቸዋለን። የመጀመሪያው ወገን ተጠቃሚው በእጁ የሚነካው፣ በዓይኑ የሚያየው ነው፤ መብራት፣ ቆጣሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። እነዚህ አገርኛ ናቸው። «መብራት» የሚለው ቃል ጉልበቱ ከመበርታቱ የተነሣ የኤሌክትሪኩን ኃይል ሁሉ ወክሎ ይነገራል፤ ወፍጮው የቆመበት ሰው «መብራት ጠፋ» ይላል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ነበር የተሰየመው። ሁለተኛው ወገን ባለሙያው በመሣሪያ የሚፈታውና የሚገጥመው ነው። እዚህ ጣሊያንኛ ነግሦ እናገኘዋለን፤ ኮረንቲ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ካንዴላ፣ ቶርኖ። በኋላም ሶኬትንና ፊውዝን የመሳሰሉት ተጨመሩ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ በዕቃው ሆድ ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣው ነው። አንሠራውም፤ አብዛኛውን ጊዜም አንከፍተውም። መነካኪያው የሚገኘው በዚህ ወገን ነው።

ከዚህ የማወጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ስም የሚወለደው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። የተጠቀመ ይሰይማል፤ የጠገነ ቢያንስ ይዋሳል፤ ያልሠራና ያልነካ ግን ስም አያወጣም። የመነካኪያው ስም አልባነት የቋንቋ ድህነት ሳይሆን የአምራችነት ታሪካችን አሻራ ነው።

አሁን ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙውን ጊዜ ቅርጹ እንደ ትንሽ እንጉዳይ ነው፤ ሰፋ ያለ ራስና ቀጭን እግር አለው። አሠራሩ የሪቬት ነው፤ እግሩ በቀጭን የመዳብ ቅይጥ ክንድ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ ጫፉ ሲደፈጠጥ ተሰክቶ ይቀራል። አሠሪ ድርጅቶች ሁለት ዓይነት ያዛሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከብር ወይም ከብር ቅይጥ የተሠራ፣ ወይም ራሱ ብር እግሩ መዳብ የሆነ። ሁለተኛው ዓይነት ወጪ ለመቆጠብ የተፈለሰፈ ነው። የብሩና የመዳቡ ሽቦ ተቆርጠው፣ ገና ያልቆሸሸው የቁራጭ ፊታቸው ገጥሞ፣ ያለ እሳት በከፍተኛ ግፊት ይቀጠቀጣሉ፤ በዚያው ግፊት አንድ አካል ሆነው ራስ ያወጣሉ።

ብር ለምን ተመረጠ? ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክንና ሙቀትን በማሳለፍ ቀዳሚው ብር ስለሆነ ነው፤ መዳብን በ6 በመቶ ገደማ ይበልጠዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የመዳብ ዝገት ኤሌክትሪክ ይከለክላል፤ የብር ኦክሳይድ ግን በሙቀት ተመልሶ ብር ይሆናል። ንጹሕ ብር ለስላሳ በመሆኑና በብልጭታ ስለሚጣበቅ፣ ከፍ ላለ ኃይል ከካድሚየም ኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ካድሚየም መርዛማ በመሆኑ አምራቾች ወደ ቆርቆሮ ኦክሳይድ እየተሸጋገሩ ነው። እዚህ ላይ «ቆርቆሮ» ስል ተማሪዎቼ የቤት ክዳን እንደሚታያቸው አውቃለሁ። የክዳኑ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ የኬሚስትሪው ቆርቆሮ ግን ሌላ ንጥረ ነገር ነው። የስያሜ ችግር በአንዲት ትንሽ ቁራጭ ላይ እንኳ እንዴት እንደሚደራረብ ልብ በሉ።

ሦስት ወጥመዶችን ለይቼ ላሳይ።

የመጀመሪያው «ኮንታክት» የሚለው ቃል ነው። በውጭ ቋንቋ ቃሉ የታቀደውን መገጣጠም፣ የሚገጣጠመውንም ክፍል ይሰይማል። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን የአደጋ ስም ሆነ። የእሳት አደጋ ዜና ስንሰማ መንሥኤው «የኤሌክትሪክ ኮንታክት» ነው ይባላል፤ መገናኘት የማይገባቸው ሁለት ሽቦዎች ተገናኙ ማለት ነው። ስለዚህ «ኮንታክቱን እየው» የተባለ ጀማሪ ባለሙያ የተቃጠለ ሽቦ ፍለጋ ይሄዳል፤ አዛዡ ግን የሪሌውን መነካኪያ ማለቱ ነው። ቃሉ ወደ እኛ ሲሻገር ጥፋቱን ሰይሞ፣ ክፍሉን ያለ ስም ተወው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ክፍት» እና «ዝግ» ነው። በምሕንድስና ትምህርት መስመሩ «ክፍት» ነው ሲባል ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ «ዝግ» ነው ሲባል ያልፋል። በአማርኛችን ግን «ሬዲዮኑን ክፈት» ማለት አሠራው፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጋ» ማለት አጥፋው ነው። የውኃ ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ ሲከፈት ይፈስሳል። መማሪያውን ቃል በቃል ተርጉመን «በመደበኛነት ክፍት መነካኪያ» ብንል አንባቢው የሚረዳው ኤሌክትሪክ ያለበትን ነው። ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ አይደለም፤ እጁን ወደ ሽቦ የሚሰድድ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ስም አልባነቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በጥገና ሱቆች ይህን ቁራጭ አንዱ «ነጥቡ»፣ ሌላው «ጥርሱ» ሲለው እሰማለሁ። ከምን እንደተሠራ የሚናገር ስም የለም። መነካኪያው ሲጠቁር የሚያዩ ብዙዎች ብርጭቆ ወረቀት ያነሣሉ፤ ይፍቁታል፣ ያብለጨልጭላቸዋል። የተፋቀው ግን ስሱ የብር ሽፋን ነው። ፍቂያው ሲደጋገም መዳቡ ይወጣል፤ መዳቡ ይዝጋል፤ ዝገቱ ይግላል፤ ሙቀቱም ያን «ኮንታክት» የሚባለውን እሳት ሊጠራ ይችላል። አምራቾች የብር መነካኪያ መጥቆሩ ብቻውን ብልሽት እንዳልሆነ፣ በሞረድና በወረቀት መፋቅም እንደማይገባ ይመክራሉ። «የብር ራስ» የሚል ስም ለምዶ ያደገ ባለሙያ ግን ምክሩን ከስሙ ያገኘው ነበር፤ ብር በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅምና።

ታዲያ ቃሉ ከየት ይምጣ? መልሴ ከአንጥረኛው ዘንድ የሚል ነው። አገራችን ብርን ለማወቅ ኤሌክትሪክን አልጠበቀችም። በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት ቁጥር ታትሞ የኖረው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ ነበር፤ አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። የገንዘባችን ስም እስከ ዛሬ የማዕድኑ ስም ነው።

«አንጥረኛ» የሚለውን ቃል ሥር ደግሞ ተመልከቱ። ነጠረ፣ አነጠረ፤ ንጥር ቅቤ፣ ንጥር ወርቅ። ከዚሁ ሥር ነው የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ «ንጥረ ነገር» የሚለውን ቃል ያገኘው። የአንጥረኛው ቃል በላቦራቶሪ ውስጥ አንዴ ቦታ አግኝቷል፤ ሁለተኛ የማያገኝበት ምክንያት የለም። ቅይጥ ያልሆነውን የመነካኪያ ብር «ንጥር ብር» ብንለው አንጥረኛውም መሐንዲሱም ይግባባሉ።

እስካሁን ያልተግባቡት ለምንድን ነው? ብዕርና መዶሻ በአገራችን ተራርቀው ስለኖሩ ነው። ቀጥቃጩና ጠይቡ ይናቁ እንደነበር፣ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት እንደደረሱ የታሪክ ተማሪዎች ታውቃላችሁ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ መዝገበ ቃላታችንን ወደ መስፉና ወደ ወናፉ አላቀረበውም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚና ተተኪዎቹ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የደከሙት ድካም ትልቅ ነው፤ ከሊቃውንት ጠረጴዛ የወጣ ቃል ግን የሥራ ጠረጴዛው ካልተቀበለው በመጽሐፍ ውስጥ ይቀራል።

የማቀርባቸው ስያሜዎች ለውይይት የሚሆኑ ናቸው። ክፍሉን «መነካኪያ» እንበለው፤ የሁለቱን መገጣጠም «ንክኪ» እንበለው። «ንክኪ» በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሌላ ጥላ እንዳጠላበት አልዘነጋም፤ ሆኖም የመሣሪያ ስም የሚያወጣው የሰዋስው መልክ፣ እንደ መቁረጫና መክፈቻ ሁሉ፣ ክፍሉን ከድርጊቱ በግልጽ ይለይልናል። የሪቬቱን ክፍሎች «ራስ» እና «እግር» ብንል ማንም አይጠይቀንም። ክፍትና ዝግን በመነካኪያ ላይ ትተን፣ ኃይል ሳይደርሰው የሚያሳልፈውን «በዕረፍቱ የገጠመ»፣ የማያሳልፈውን «በዕረፍቱ የተላቀቀ» እንበል። «ሪቬት» እንዳለ ይቆይ፤ የሚሠሩበት ሰዎች ተቀብለውታል። «ኮንታክት» የሚለውንም ከሕዝቡ አፍ ለመንጠቅ አንታገል፤ የአደጋው ስም ሆኖ ይኑር፤ ለክፍሉ ግን ሌላ ስም እንስጠው።

«ሁሉንም በእንግሊዝኛ ብንማረው አይቀልም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለመሐንዲሱ ይቀልለት ይሆናል። ፋብሪካ ግን በመሐንዲስ ብቻ አይቆምም። በማተሚያው አጠገብ ቆማ የብሩን ሽፋን ውፍረት የምትለካው ሠራተኛ ጉድለቱን ለተረኛው የምትናገረው በአማርኛ ነው። ቃል ከሌላት ጉድለቱ ሳይነገር ያልፋል። ነገ ይህን ቁራጭ እዚሁ እናምርት ብንል ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል፤ ሠራተኛውን፣ ጠጋኙንና መሐንዲሱን የሚያግባባ ቃል ግን በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ ከተማሪዎቼ የምጠይቀው ይህን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስታዘጋጁ ወደ ጥገና ቤቶችና ወደ ብር ሠሪዎች ሂዱ። የሚሉትን ቃል እንዳሉት መዝግቡ፤ መጽሐፉ ከሚለው ጋር አስተያዩት፤ የሚጋጭበትን ለዩ። አንድ የተሰበረ ሪሌ ክፈቱና እያንዳንዱን ክፍል አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ግለጹለት። አንደበታችሁ የተያዘበት ቦታ ሁሉ የጥናት ርእስ ነው።