የውሃ እባቦች አመጋገብ

የውሃ እባብ የሚባሉት በወንዝ፣ በሐይቅና በረግረግ ዳር እያደኑ የሚኖሩ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚገኘው ናትሪሲቴሬስ ኦሊቫሲያ ጀርመናዊው ዊልሄልም ፒተርስ በ1854 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ለሰው የማያሰጋ ትንሽ እባብ ነው። ዋና ምግቡ እንቁራሪት ሲሆን ትናንሽ ዓሦችንም ይበላል። ያደነውን ጠምጥሞ አይገድልም፤ ከነሕይወቱ ይውጠዋል። ራሱ ሲያዝ ደግሞ ጭራውን በጥሶ ሊያመልጥ ይችላል፤ እንደ እንሽላሊት ግን መልሶ አያበቅልም። በሰሜን አሜሪካ የሚገኙት ኔሮዲያ የተባሉ የውሃ እባቦች አንዳንዴ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ወዲያና ወዲህ እያሉ ዓሣ ይይዛሉ።

ሰው በሚያረባቸው እባቦች ዘንድ አስቸጋሪው የምግቡ መጠን ሳይሆን ዓይነቱ ነው። እንደ ወርቃማ ዓሣ ያሉ አንዳንድ ዓሦች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው። እነሱን ብቻ አዘውትሮ የሚበላ እባብ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ዓሣውን በበረዶ ማቆየት ኢንዛይሙን አያጠፋውም። ስለዚህ ጠንቃቃ አርቢዎች የዓሣውን ዓይነት ይለዋውጣሉ፤ አለዚያም በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል ያሞቁታል። ከሜዳ የተያዘ እንቁራሪት ርካሽ መፍትሔ ቢመስልም ጥገኛ ትላትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ባይለመድ ይሻላል።