የአንድ ሺሊንግ ቅጣት

ወጣቶች ሆይ፤ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ፈጥኗል ተብሎ ይቀጣልን? ዛሬ ብንሰማው እንሥቃለን፤ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ እንኳ ይቀድመዋልና። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በ1896 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚያ አገር በ1865 የወጣው ሕግ ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ2 ማይል፥ ማለት ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ፥ እንዳያልፍ ያዝዝ ነበር። ሰውም ቀይ ባንዲራ ይዞ ከፊቱ ይሄድ ነበር፤ ኋላ ባንዲራው ቢቀርም፥ ከፊት የሚሄደው ሰው አልቀረም። ታዲያ ዋልተር አርኖልድ የተባለ የመኪና ነጋዴ በኬንት አውራጃ በፓዶክ ውድ መንደር በ8 ማይል ሲያልፍ ፖሊስ አየው፤ በብስክሌትም 5 ማይል ያህል አሳዶ ያዘው። ዳኞችም ለፍጥነቱ 1 ሺሊንግና ኪሣራ አስከፈሉት። ነጋዴ ነውና ወሬው ለገበያው ሳይጠቅመው የቀረ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ቀን ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል የ44 ዓመት ሴት ከልጅዋ ጋር በለንደን በክሪስታል ፓላስ ስትሄድ፥ ለትርኢት የሚነዳ መኪና ገጭቶ ገደላት። ነጂው «በ4 ማይል ብቻ ነበር የምነዳው» አለ፤ ያዩት ሰዎች ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር ብለው መሰከሩ። የሞቱን ነገር የመረመሩትም ድንገተኛ ነው ብለው ፈረዱ፤ ነጂው አልተቀጣም። ማንንም ያልነካው ሰው ሺሊንግ ከፈለ፤ በእጁ ሕይወት የጠፋበት ግን ምንም አልከፈለም። በዓመቱ መጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሕግ ጭራሽ እስከ 14 ማይል ፈቀደ።

በ1903 ወሰኑ 20 ማይል ሆነ፤ መኪና ለመንዳትም የመንጃ ፈቃድና 17 ዓመት መሙላት ግዴታ ሆነ። በ1930 ደግሞ የመኪናን የፍጥነት ወሰን ፈጽመው አነሡት፤ ሰው በኅሊናው ይገዛል ብለው ይሆናል። በ1934 ግን በመንገድ የሞቱት ሰዎች ከ7,000 በለጡ፤ በ1935 ወሰኑ ሰው በሚኖርበት ስፍራ 30 ማይል ሆኖ ተመለሰ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እግር ኃጢአቱን ቢያውቅም ጎማው አይሰማውም።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬን ስለ አነዳዱ ብገሥጸው፥ «ቅጣቱን አባቴ ይከፍላል» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ እውነቱን ነበርና።

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወንጀል ነው፤ አዋቂው እስከ 12 ወር ሊታሰር፥ እስከ 2,500 ዶላርም ሊቀጣ ይችላል። ከ18 ዓመት በታች የሆነው ልጅ በትራፊክ ጥፋት ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈረድበት ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ለ1 ዓመት ወይም 18 ዓመት እስኪሞላው ያጣዋል፤ ከሁለቱም የሚረዝመው ይጸናበታል። ይህን አባት ሊከፍልለት አይችልም።