ያልተሳካ እና ያልታወቀ፦ የድረ ገጽ ኮምፖነንቶች በጥበቃና በስህተት ጊዜ

ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣ ኮምፖነንት የሚጽፍ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይይዛል፤ መረጃውን፣ መጫኑ አለማለቁን የሚያሳይ አንድ ቡሊያን፣ ስህተት መፈጠሩን የሚያሳይ ሌላ ቡሊያን። እያንዳንዳቸው ሊኖሩም ላይኖሩም ስለሚችሉ ስምንት ጥምረት ይወጣል። አንዳንዱ ጥምረት፣ ለምሳሌ መጫኑ አልቆ ስህተትም መረጃም የሌለበት፣ ለተጠቃሚው ባዶ ገጽ ከማሳየት በቀር ትርጉም የለውም። የኤልም ቋንቋ ተጠቃሚዎች አራት ሁኔታዎችን ብቻ በመፍቀድ ከዚህ ወጥተዋል፤ ገና አልተጠየቀም፣ እየተጠበቀ ነው፣ ተሳክቷል፣ አልተሳካም። ለማንበብ ብቻ ለሚቀርብ ጥያቄ ይህ ይበቃል። መረጃ ለሚለውጥ ጥያቄ ግን «አልታወቀም» የሚል አምስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው።

ገንዘብ የሚላክበትን ገጽ እንውሰድ። ተጠቃሚዋ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች፤ የመጠበቂያዋ ክብ ትሽከረከራለች፤ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ «አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ»። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ደርሶ፣ ገንዘቡም ተልኮ፣ የጠፋው መልሱ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ብራውዘሩ ጥያቄ የሚልክበት ፌች በሁለቱም ጊዜ የሚያቀብለው ያንኑ የኔትወርክ ስህተት ስለሆነ ኮምፖነንቱ የሚለይበት መንገድ የለውም። (በአንጻሩ ሰርቨሩ 500 ብሎ ሲመልስ ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ የመልሱን ኮድ ኮምፖነንቱ ራሱ መመርመር አለበት።) ቀዩን ጽሑፍ አምና እንደገና የሞከረች ሰው ሁለት ጊዜ ልካ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በየሰዓቱ በሚቆራረጥበት አገር ይህ እንደ ብርቅ አጋጣሚ ሊታለፍ አይገባውም።

የችግሩ ሥር ጥልቅ ነው። አኮዩንሉ፣ ኤካናዳም እና ሁበር በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳዩት፣ ጂም ግሬይ በ1978 የሁለቱ ጄኔራሎች እንቆቅልሽ ያለው ጉዳይ ነው፤ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መስመር ላይ የቱንም ያህል ማረጋገጫ ቢመላለስ ሁለቱ ወገኖች የጋራ እርግጠኝነት ላይ አይደርሱም። አለማወቁን ማጥፋት ካልተቻለ ጉዳቱን ማስቀረት ይቻላል። ኮምፖነንቱ አዝራሩ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ለዝውውሩ ልዩ መለያ ያወጣል፤ ሲደገምም ያንኑ ይልካል፤ ሰርቨሩ መለያውን ካወቀው የቀድሞውን ውጤት ይመልሳል እንጂ ሥራውን አይደግምም። መለያው በብራውዘሩ ማከማቻ ካልተቀመጠ ግን ገጹ በታደሰ ቁጥር ይጠፋል፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ገጹን ማደስ ነው። ለተጠቃሚዋ የሚታየው ጽሑፍም «ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ እያጣራን ነው» ይበል፤ አዝራሩም እስኪጣራ ይቆለፍ።

የሪአክት የስህተት አጥር (ኤረር ባውንደሪ)፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሪአክት 16 ጋር የመጣው፣ ለዚህ ችግር አይደርስም፤ የሚይዘው ገጹ ሲሣል የሚፈጠረውን ስህተት እንጂ አዝራር ሲጫኑ ወይም መልስ ሲጠበቅ የሚፈጠረውን አይደለም። ማየት ለተሳነው ተጠቃሚም የምትሽከረከረው ክብ ምንም አትነግረውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የደብልዩ ሲ ኤ ጂ 2.1 የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት እንደ «እያጣራን ነው» ያለ የሁኔታ መልእክት በስክሪን አንባቢ ሊነገር በሚችል መልኩ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

አምስተኛው ሁኔታ የሚዘነጋው በሙከራ ጊዜ ስለማይታይም ይመስለኛል። የብራውዘሩ «ኦፍላይን» ቁልፍ ጥያቄው ሳይወጣ ያቋርጠዋል፤ የሚታየው እውነተኛው «አልተሳካም» ብቻ ነው። ሌላውን ለማየት የሙከራ ሰርቨሩ ሥራውን ጨርሶ፣ መዝግቦ፣ መልሱን ሳይልክ ግንኙነቱን እንዲዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል።