ቡና በሻይ አገር፦ የፑኤር ገበሬዎችና የምርታቸው ስም

በቻይና ደቡብ ምዕራብ፣ በዩናን ክፍለ ሀገር የሚገኘውና ከበርማ፣ ከላኦስና ከቬትናም ጋር የሚዋሰነው የፑኤር ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በሻይ ቅጠሉ ነው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ1729 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የፑኤር አውራጃ ሲቋቋም፣ ከየተራራው የሚሰበሰበው ቅጠል ከፊሉ ለቤጂንግ ቤተ መንግሥት ግብር ይሆን፣ ከፊሉም በሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና ፈረስ እየተጫነ እስከ ቲቤት ይዘልቅ ነበር። ስሙ የወጣለት ከበቀለበት ተራራ ሳይሆን ከተሸጠበት ገበያ ነው፤ ይህም የምርት ስም የማን ነው የሚለው ጉዳይ ለዚህ አገር አዲስ አለመሆኑን ያሳያል።

በቡላንግ ሕዝብ ዘንድ ግን ሻይ ከንግድ ዕቃ በላይ ነው። የነገዱ አባት ፓ አይሌንግ ከብት በበሽታ እንደሚያልቅ፣ ወርቅና ብርም ተመንዝሮ እንደሚጠፋ ዐውቆ ለልጆቹ የሻይ ዛፍ አወረሳቸው ይባላል። ቡላንግና ዳይ የሚኖሩበት የጂንግማይ ተራራ ጥንታዊ የሻይ ደን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንዲህ ባለው አገር ባለ አነስተኛ ማሳ ገበሬዎች ልዩ ጣዕም ያለው ቡና አምራቾች ሆነው መታየታቸው ድንገተኛ ነገር ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ በሻዩ ላይ የደረሰውን ማየት ያስፈልጋል። ከ1950ዎቹ ወዲህ መንግሥት ንግዱን ሲጠቀልለው የብዙ ተራራ ቅጠል በፋብሪካ እየተቀላቀለ በቍጥር መሸጥ ጀመረ። «7542» የተባለው የታወቀ የሻይ ጥፍጥፍ ለዚህ ምስክር ነው፤ 75 ቅመራው የወጣበት ዓመት፣ 4 የቅጠሉ ደረጃ፣ 2 የፋብሪካው መለያ ሲሆን፣ የተራራም ሆነ የመንደር ስም የለበትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከታይዋን የመጡ ነጋዴዎች እንደ ዪዉ ወዳሉት የጥንት የሻይ ተራሮች እየወጡ የአንድ ቦታ ቅጠል ለብቻው እንዲዘጋጅላቸው ሲጠይቁ፣ አሮጌው ስም ከተረሳበት ተነሣ። ቅጠሉን በብረት ምጣድ አምሶ፣ በእጅ አሽቶና በፀሐይ አድርቆ ማቅረብ የቤተ ሰብ ሙያ ነበርና ዋጋው ሲጨምር ገበሬው ሥራውን ከሌላ መማር አላስፈለገውም።

ቡና ወደ ዩናን የገባው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወይም በ20ኛው መጀመሪያ ነው። አንድ ፈረንሳዊ ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ከፑኤር በስተ ሰሜን ዡኩላ በምትባል የዪ ሕዝብ መንደር ተከለው። በ1950ዎቹም የመንግሥት እርሻዎች ጥቂት ሞክረውት ነበር። በፑኤር የተስፋፋው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ኔስሌ ኩባንያ ምርቱን መግዛትና ገበሬውን ማሠልጠን ከጀመረ በኋላ ነው። የተመረጠውም ዝርያ ካቲሞር ነበር። ይህ ዝርያ ካቱራን በቲሞር ደሴት ከተገኘ የአረቢካና የሮቡስታ ድቅል ጋር በማዳቀል በ1959 በፖርቱጋል የተጀመረ ነው፤ የቅጠል ዋግን ይቋቋማል፣ ቶሎ ያፈራል፣ ብዙም ይሰጣል። በጣዕሙ ግን ቀማሾች እምብዛም አያመሰግኑትም።

ገበሬውም ቡናውን ይሸጠዋል እንጂ አይጠጣውም ነበር፤ በቤቱ የሚፈላው ሻይ ነው። በከፋ ወይም በጅማ ቆልቶና ወቅጦ የሚጠጣ ገበሬ የቡናውን ጕድለት በራሱ ምላስ ያውቀዋል፤ የፑኤሩ ገበሬ ግን የሚሰማው ከገዢው አፍ ነበር። ዋጋውም የሚቈረጠው በኒው ዮርክ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና በ2001 ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፣ በ2011 ከ3 ዶላር በላይ ወጣ፣ በ2019 ደግሞ ከ1 ዶላር በታች ሆነ። ዋጋው በወደቀ ጊዜ ቡናቸውን ነቅለው ወደ ሻይ የተመለሱ ብዙዎች ናቸው።

ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ማለት ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ የሚሰጡት ነው። በፑኤር ጥቂት ገበሬዎች በ2010ዎቹ ወደዚህ ሲያዘነብሉ ዛፋቸው ያው ካቲሞር ነበር፤ የተለወጠው የእጅ ሥራው ነው። የበሰለውን ቀይ ፍሬ ብቻ መልቀም፣ የሚንሳፈፈውን መለየት፣ በአልጋ ላይ እያገላበጡ በዝግታ ማድረቅ፣ የየማሳውን ሳይቀላቅሉ ማቈየት ጀመሩ። ይህ ሁሉ የውጭ ባለ ሙያዎች ትምህርት ብቻ ነው ማለት ያሳስታል። ቅጠል የተለቀመበት ቀንና የደረቀበት ፀሐይ ዋጋ እንደሚለውጥ ከአባቱ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም። በሻንግሃይና በሌሎች ከተሞች የቡና ቤቶች ተበራክተው ገዢው ከዚያው ከቻይና መገኘቱም ረድቷል፤ የመንደር ስም እየጠየቀ ሻይ የሚገዛ ሕዝብ ቡናንም በመንደር ስሙ ቢጠይቅ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። አልጋ የሌለው፣ ውኃ የራቀበትና ገንዘቡን ለወራት መጠበቅ የማይችል ገበሬ እሸቱን በለቀመበት ቀን ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ስሙም ከእሸቱ ጋር ይሄዳል። ተራው ቡና ሲወደድም፣ እንደ 2025 መጀመሪያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ቀይ ብቻ እየመረጡ ለመልቀም የሚወጣው የሠራተኛ ዋጋ ከባድ ይሆናል። የቡና ለቀማው ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚዘልቅ የመጨረሻው ዙር ከፀደዩ ሻይ ለቀማ ጋር ይጋጫል፤ ቤተ ሰቡ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፣ የሚመርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ሻዩን ነው። ስም ራሱም አደጋ አለው፤ የሲማኦ ከተማ ስሟን ለውጣ ፑኤር በተባለችበት በዚያው በ2007፣ በስሙ ላይ የተነገደበት የፑኤር ሻይ ዋጋ ተንኰታኵቷል።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የዩናን አምራቾች ከካቲሞሩ ጐን ጌሻ የሚባለውን ዝርያ ተክለዋል። ዘሩ በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ ደን ተለቅሞ በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታ ሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል ያለፈ፣ በ2004 በፓናማ የጣዕም ውድድር ዝናው የወጣ ነው። ከካቲሞር ያነሰ ፍሬ ይሰጣል፣ ብዙ እንክብካቤም ይሻል። በከረጢቱ ላይ ሁለት ስሞች ይጻፋሉ፤ አንዱ የዩናን ተራራ፣ ሁለተኛው የከፋ ምድር።