የመቂው ጽሕፈት ቤትና የፊደላችን ቍጥር

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ መቂን ሰንጥቆ በሚያልፍበት፥ የሽንኩርትና የቲማቲም ጭነት ከጠዋት እስከ ማታ በሚተራመስበት ገበያ አጠገብ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነበረች፤ በበሩ ግራ አሮጌ የአማርኛ ኦሊቬቲ፥ በቀኙ በዳንቴል የተሸፈነ ኮምፒውተር ተቀምጦ፥ ጸሐፊዋ የባለጉዳዩን ነገር ከሰማች በኋላ እንደ ጉዳዩ ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው ትዛወር ነበር። የዕድራችን ዳኛ መተዳደሪያ ደንቡን በኮምፒውተር አስጽፈው፥ በፍሎፒ ዲስክ አስገልብጠው፥ በጥራዝ ለማሳተም ወደ አዳማ ሲሄዱ እኔም ተከትያቸው ነበርና፥ አታሚው ዲስኩን ከፍቶ ባሳየን ጊዜ ያ ሁሉ አንቀጽ የላቲን ፊደል፥ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ አገኘነው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ዳግመኛም አዩና «ልጄ፥ ፊደሉ የት ሄደ?» አሉት። አታሚው የመቂው ፕሮግራም ከእርሱ ዘንድ ካለው የተለየ መሆኑን ሊያስረዳቸው ደከመ፤ እርሳቸው ግን አማርኛ ከመቂ አዳማ እስኪደርስ እንዴት ሌላ እንደሚሆን አልገባቸውም፤ ያን ጊዜ ለእኔም አልገባኝም።

በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የመቂ ወንዝ በሚገባበት በዝዋይ ሐይቅ፥ በቱሉ ጉዶ ደሴት፥ በደብረ ጽዮን ገዳም ተጠብቀው የኖሩትን የብራና መጻሕፍት የጻፉ ሰዎች የአንዱ እጅ ወፈር የሌላው ቀጠን ቢል፥ ከጎንደርም ይምጣ ከጎጃም ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ያነባቸዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ባስማሙት ጊዜም፥ የመኪናው ቅርጽ ከቁም ጽሕፈት ውበት ቢጐድልም፥ በወረቀቱ ላይ ያረፈው ሀ ለማንም ሀ ነበረ።

ኮምፒውተር ግን የሚያስቀምጠው ፊደልን ሳይሆን ቍጥርን ነው፤ ቍጥሩንም መልሶ በፊደል መልክ የሚያሳየው ከቍጥሩ አንጻር የትኛው ፊደል እንደሚቆም የሚናገር ሠንጠረዥ ሲኖረው ነው። የዚያ ዘመን ሥርዓት ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፥ የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ከነዲቃላውና ከነአኃዙ ሲቈጠር ከዚያ ስለሚያልፍ፥ እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ጥበብ መውጫ ፈለገ፤ አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግዕዙን ለብቻው አስቀምጦ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ከጎኑ እየለጠፈ አበጀው። ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ ዳሸን በሚል ስም ከጀመሩት ሥራ አንሥቶ፥ ብራና፥ ዋሽራ፥ አጋፋሪ፥ ፓወር ግዕዝ፥ ቪዥዋል ግዕዝ ሌሎችም እየተከታተሉ ወጡ፤ ያለ እነርሱ ፊደላችን ከዘመኑ መሣሪያ ውጭ በቀረ ነበርና ለደራሲዎቻቸው ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የአንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው አልተስማማም፤ አብዛኛውም ለሕዝብ አልተገለጠም። የዕድራችን ደንብ የጠፋው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ከሁለት በኩል መጣ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ፥ ሴራ የተባለውን፥ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል ለመላላክ የሚያስችል ሥርዓት አዘጋጁ። ታላቁ ሥራ ግን የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚቈጥረው ዩኒኮድ ነበር፤ ፊደላችንም በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሀ 4608 ነው፤ ሁ 4609፤ የከተማችን ስም መቂም 4632 እና 4674 ነው፤ በመቂም ቢሆን፥ በአዳማም፥ በዋሽንግተንም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት፥ ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉ የተከፈተ ትናንሽ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራዎች ተዋሕደው አንድ ቢሆኑ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ጥቂት ባለሙያ በብዙ ጎጆ ተበታትኖ ጕልበቱን ያባክናል ይላሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሊቃውንቶቻችን ግን ነገረ ተዋሕዶን ሲያስተምሩ ቱሳሔን፥ ማለት ማርና ውኃ ተቀላቅለው ማርም ውኃም ያልሆነ ነገር የሚሆኑበትን ቅልቅል፥ ከተዋሕዶ ለይተው ያወግዛሉ፤ ዐቢዩን ምሥጢር ወደ ዓለማዊ ነገር ማውረድ ባይገባኝም ቃሉን እዋሳለሁ፤ ብዙዎች ውሕደት ብለው የሚመክሩት ቱሳሔን ነውና። የፈረንሳዩ ማንድሬክና የብራዚሉ ኮኔክቲቫ በ2005 እ.ኤ.አ. ተቀላቅለው ማንድሪቫ ተባሉ፤ ድርጅቱም በ2015 ፈረሰ። በአንጻሩ በ1995 እ.ኤ.አ. ከኔትቢኤስዲ ተለይቶ የወጣው ኦፕንቢኤስዲ እስከ ዛሬ አነስተኛ ማኅበር ነው፤ ሆኖም ከዚያ ጎጆ የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምሥጢር የሚነጋገሩበት መሣሪያ ሆኖ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ማኅበሩ በትልቁ ውስጥ ሟሙቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጥንቃቄና ያ ጽናት ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ራዘር ኪውቲና ኤልኤክስዲኢ የተባሉት የዴስክቶፕ ገጽ ሥራዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እጅ ለእጅ ሲያያዙ ግን መልካም ሆነላቸው፤ አስቀድሞ ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ይሄዱ ነበርና።

ሳይሟሙ በሚያስፈልገው ብቻ መተባበር ለመቂ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 147/1991 ዓ.ም. መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደ ዩኒየን ከፍ እንዲሉ ሲፈቀድ፥ ከሐይቁና ከወንዙ በፓምፕ ውኃ እየሳቡ አትክልት የሚያለሙ አነስተኛ ማኅበራት በ2002 እ.ኤ.አ. የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየንን መሠረቱ። እያንዳንዱ ማኅበር ስሙን፥ አባላቱን፥ ሒሳቡን እንደያዘ ቀረ፤ ማዳበሪያና ዘር ማስመጣትን፥ ገበያ መፈለግን ግን ለዩኒየኑ ሰጠ። ቲማቲሙን የሚያለማው ገበሬ በማሳው ላይ ባለቤት ነው፤ ለብቻው የማይችለውን ብቻ ከጎረቤቱ ጋር ይሸከመዋል።

የፊደላችንም ነገር እንዲሁ ሆነ። የተዋሐደው ቍጥሩ ነው፤ እጁ አልተዋሐደም። ዛሬም አንዱ በኒያላ፥ ሌላው በአቢሲኒካ፥ ሌላው በወደደው ፎንት ይጽፋል፤ ደብረ ጽዮን ላይ የአንዱ እጅ እንደሚወፍር የሌላው እንደሚቀጥን። ስለዚህ ትናንሾቹ ጎጆዎች ይፍረሱ ከማለት በፊት ሠንጠረዦቻቸው ይገለጡ፥ ፋይሎቻቸው ለሁሉ ይነበቡ፥ መሣሪያው ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ይሻገር እላለሁ፤ የተከፈተ ሥራ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ የተዘጋው ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የዕድራችንን ደንብ ጸሐፊዋ ከእጅ ጽሑፉ እያየች በኦሊቬቲው እንደገና ጻፈችው፤ ዳኛውም ፊደል በፊደል አርመው ፈረሙበት። ያ ወረቀት ጠርዙ ቢጫ ሆኖ እስከ ዛሬ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ፍሎፒ ዲስኩም ከደረሰኞቹ ጋር በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ የጻፈው ፕሮግራም በየትኛውም ኮምፒውተራችን ላይ አይነሣም፤ ሠንጠረዡንም ያገኘ የለም።