ሆድን ሳይሰነጥቁ ሆድን ማየት

አባቶቻችን «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ምሥጢር ነው። ነገር ግን ሆድ የሚያባው ምሥጢርን ብቻ ሳይሆን በሽታንም ጭምር ነው፤ ይህንን ደግሞ ብቅል አያወጣውም። ሐኪሞች ሆድ የደበቀውን ለማየት ምን ያህል ዘመን እንደ ደከሙ፣ በመጨረሻም በምን ጥበብ እንዳዩት በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የአያቴ ጠባሳ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ማታ ማታም ትኩሳት እየያዛቸው ሐኪም ቤት ገቡ። ሐኪሞቹ ከላይ ቢዳስሱም ቢያዳምጡም የበሽታውን ምንነት ለይተው ማወቅ ስላልቻሉ፣ ሆዳቸውን ከእንብርት በላይ ጀምረው እስከ ታች ከፍተው አዩ። ያገኙትም የሆድ ቲቢ ነበር። ቈርጠው የሚያወጡት ነገር ስላልነበረ መልሰው ሰፉት፤ መድኃኒት አዘዙ፤ አያቴም ዳኑ። ሆኖም ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ እንስራ መሸከምም ሆነ ከምጣድ ፊት መቀመጥ አልቻሉም። «የዳንኩት በመድኃኒቱ ነው፤ የተቀደድኩት ግን ለመታየት ብቻ ነው» ይላሉ። ሐኪሞቹ አልበደሏቸውም፤ በጊዜው በእጃቸው ሌላ ዐይን አልነበራቸውምና።

ይህ ሌላ ዐይን ዛሬ ላፓሮስኮፕ ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከአንዲት ሻማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ዓ.ም. ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖር ሐኪም፣ የሻማ ብርሃን በመስተዋት እየመለሰ በቀጭን ቱቦ ወደ ሰው አካል ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ብርቱ ነበር። ከ70 ዓመታት ያህል በኋላ ማክሲሚልያን ኒትሰ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ የሽንት ፊኛን ውስጥ የሚያሳይ ቱቦ አወጣ። ፊኛ ግን የተፈጥሮ በር አለው፤ የሆድ ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል በር የለውም። በር የሌለውን ቤት እንዴት አድርገው ይግቡበት?

መልሱን የጀመረው የድሬስደኑ ሐኪም ጌኦርግ ኬሊንግ ነው። ኬሊንግ በሆድ ውስጥ የሚፈስን ደም ሆዱን ሳይከፍት በአየር ግፊት ለማቆም ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. በሐምቡርግ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ፣ የአንድ ውሻ ሆድ የተጣራ አየር ነፍቶ የኒትሰን ቱቦ በማስገባት ውስጡን አሳየ። ከ9 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም.፣ ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤውስ ይህንኑ በሰው ላይ እንደ ፈጸመ አስታወቀ። ከመረመራቸውም መካከል ልክ እንደ አያቴ ሆዳቸው ውኃ የቋጠረባቸው ሕሙማን ይገኙ ነበር።

የአሠራሩ መሠረት አስቸጋሪ አይደለም። ድንኳን ሳይተከል በውስጡ ምንም አይታይም፤ ጨርቁ ከምድር ጋር ተጣብቋልና። ሆድም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ካስተኛና ካደነዘዘ በኋላ፣ በእንብርት አጠገብ 1 ሳንቲሜትር ያህል ቀዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያስገባል። ይህ ጋዝ እሳት አያቀጣጥልም፤ ሰውነትም ቶሎ ያስወግደዋል። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። የሆዱ ግድግዳ እንደ ድንኳን ሲነሣ፣ ብርሃንና መስተዋት ያለው ቱቦ ይገባና ጉበት፣ ጣፊያ፣ አንጀትና ማሕፀን በየቦታቸው ይታያሉ። በሌላ ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያም ለምርመራ የሚሆን ናሙና ይወሰዳል።

ጋዙን የሚያስገባውን መርፌ ያዘጋጀው ሃንጋሪያዊው ያኖሽ ቬረሽ ነው። ቬረሽ መርፌውን በ1930ዎቹ የሠራው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን እንጂ ለሆድ አልነበረም፤ ጥበብ ግን ለአንዱ ተፈልጋ ለሌላው ትተርፋለች። በፓሪስ ደግሞ ዶክቶር ራውል ፓልመር በ1940ዎቹ ዘዴውን ለሴቶች ሕክምና አዋለው። የቀድሞው መሣሪያ አምፑሉ ከቱቦው ጫፍ ላይ ስለ ነበረ አንጀት እንዳያቃጥል ያሠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በቱቦው ውስጥ የነበረውን ባዶ ቦታ በብርጭቆ ዘንጎች ተክቶ ምስሉን እጅግ አጠራው፤ ብርሃኑም ከውጭ በቀጫጭን የብርጭቆ ክሮች መምጣት ጀመረ።

በዚያው በ1959፣ ማለት በኛ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም.፣ ዶክቶር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክቶር ካትሪን ሃምሊን ከአውስትራልያ መጥተው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል ከልደታ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ የሚገኘው፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለውና ለአካባቢው ስሙን የሰጠው ነው። ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት የተማሩ ሲሆኑ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በነቀምቴ አርፈዋል። በኤድንበርግ የተማሩት ኢትዮጵያዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሶር አሥራት ወልደየስም በዚሁ ሆስፒታል አገልግለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ለተቋቋመው የሕክምና ፋኩልቲም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የፋኩልቲው ተማሪዎች በኋላ በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሠለጥኑ ኖረዋል። እንግዲህ አውሮፓ መሣሪያውን ሲያሻሽል፣ ሰፈራችን መሣሪያውን የሚይዘውን እጅ ያዘጋጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ማየት ብቻ የነበረው ሥራ ወደ ማከም ተሸጋገረ። ጀርመናዊው ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ትርፍ አንጀትን በዚህ ዘዴ አወጣ፤ ብዙ የሙያ ባልንጀሮቹም ክፉኛ ተቃወሙት። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢትን አወጣ፤ እርሱም ነቀፌታ አላጣውም። ዛሬ ግን ይህ ሥራ በመላው ዓለም የተለመደ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል።

የሆነ ሆኖ ዘዴው አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። መርፌው የደም ሥር ወይም አንጀት ሊወጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ ማዳን ግዴታው ነው። ስለዚህ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ ሐኪም አስቀድሞ በትልቁ መሥራትን የሚያውቅ መሆን አለበት። ደግሞም መሣሪያው የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ንጹሕ ጋዝ፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል። መስተዋቱ ቢሰነጠቅና ጠጋኝ ቢጠፋ፣ እጅግ ውድ የሆነው ዕቃ በሣጥን ተቀምጦ በሽተኛው እንደ ጥንቱ ይቀደዳል።

ውድ ተማሪዎች ሆይ! ይህን ታሪክ አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም። ሐኪሙ ጠየቀ፤ የፊዚክስ ሊቁ ብርሃኑን መራ፤ ብርጭቆ ሠሪው ዘንጉን አለሰለሰ። ከመካከላችን ሁሉም ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በፊዚክስ ክፍል ስለ ብርሃን ስብራት ስንማር፣ ወይም በእጅ ሥራ ክፍል ብሎን ስንፈታ፣ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ እንዳይመስለን። ይህን ጽሑፍ ለአያቴ ባነበብኩላቸው ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡና እጃቸውን ከጠባሳቸው ላይ አሳርፈው፣ «ለእኔስ አልደረሰም፤ ለልጆቻችሁ ይድረስ» አሉኝ። እንዲደርስ ማድረግ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።