ራዲያተር፣ ከፍታና የጅማ መንገድ

የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ታሪክ በኢትዮጵያ የሚጀምረው ከመኪናው ታሪክ ጋር ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ የዘመኑ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በተራ ውሃ ነበር፤ የራዲያተራቸውም ክዳን ግፊት የሚይዝ አልነበረም።

ይህ ለደጋ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር በደኅና የሚሠራው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በመሆኑ፣ ለነጂው የሚተርፈው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ከኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወጥቶ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚዘልቀው መንገድ ለዚህ ዓይነተኛ ምስክር ነው። መኪናው ከደጋው ወርዶ የጊቤን በረሃ ሙቀት ይጋፈጣል፤ ወንዙን እንደ ተሻገረም ጭነቱን ይዞ አቀበቱን ይያያዘዋል። ጄሪካን ውሃም የነጂ ስንቅ ሆኖ የኖረው ስለዚሁ ነው።

ኤቲሊን ግላይኮል በአሜሪካ ለመኪና ገበያ የቀረበው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ «አንቲፍሪዝ» የሚለው ስሙ ግን አሳሳች ሆነ፤ «ውሃ በማይረጋበት አገር ምን ያደርጋል?» አሰኝቷልና። እርግጥ ነው፣ ከውሃ ጋር እኩል ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ለደጋው የሚበጀው ግን የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረጉና በውስጡ ያለው መድኃኒት ዝገትን መከላከሉ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውሃውን መፍያ በአዲስ አበባ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ካረጀ ግን ሞተሩ ወደ 1900 ዓ.ም. ይመለሳል።

ድብልቁ የሚበላሸው በአንድ ቀን አይደለም። በየመንገዱ ተራ ውሃ ሲጨመር ግላይኮሉ ይሳሳል፣ ዝገት ይገባል፣ ቧንቧው ይደፈናል፤ በመጨረሻም ቴስታታው ይጣመማል። ስለዚህ መጠኑን በመለኪያ ማወቅ ያሻል። ለምሳሌ 8 ሊትር በሚይዝ ሞተር ግላይኮሉ 20 በመቶ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ 3 ሊትር ቀድቶ በምትኩ 3 ሊትር ያልተበረዘ ግላይኮል ቢጨመር ድብልቁ እኩል በእኩል ይሆናል። ግላይኮል ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ከውሃ ያነሰ ስለሆነ፣ ማብዛቱም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በግለት ላይ የተከፈተ ክዳን ፊትን ያቃጥላል። የተቀዳውም ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነውና ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። ሙያው የሚከበረው ሞተርንም ሰውንም ሲያድን ነው።